በገና ሌሊት ከደጅ የቀሩት

ገና ሲባል ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚታየን ብርሃን ነው። ክረምቱ ካለፈ ቆይቷል፤ እህሉ ከአውድማ እየገባ ነው፤ ሰማዩ ጠርቷል፤ ጎረምሳውም ዱላውን ይዞ ሩሯን እያሳደደ ሜዳውን ያምሰዋል። ይኸው በዓል ወደ ሰሜን ዋልታ ተጠግቶ ሲከበር ግን ሌላ መልክ አለው። አይስላንድ በተባለችው ደሴት፣ በዲሴምበር ማለቂያ ላይ ፀሐይ ብቅ ብላ የምትታየው በዋና ከተማዋ በሬይክያቪክ እንኳ ለአራት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። የቀረው ጨለማ፣ በረዶና ነፋስ ነው።

በእንዲህ ያለ ሌሊት የሚከበር በዓል መናፍስት ቢበዙበት አያስገርምም። የሚያስገርመው የመናፍስቱ ማንነት ነው። የአይስላንድን የገና አፈ ታሪኮች ጎን ለጎን አድርጌ ሳነብባቸው አንድ የጋራ ነገር አገኘሁባቸው፤ የሚያስፈሩትም ሆኑ የሚፈሩት፣ በሩ ተዘግቶ ማዕዱ ሲቀርብ ከደጅ የቀሩ ናቸው። አንዱ ተርቦ፣ አንዱ ታርዞ፣ አንዱ ከማኅበር ተለይቶ፣ አንዱም ቀጠሮውን ሳያደርስ ሞት ቀድሞት። (ዘመኖቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።)

አስቀድመን ተረቱ የሚነገርበትን ቤት እንይ። በድሮው ዘመን የአይስላንድ ገበሬ ቤት፣ ግድግዳውም ጣሪያውም ከነሣሩ በተቆረጠ አፈር የተደለደለ ነበር። ቤተሰቡና አገልጋዮቹ «ባድስቶቫ» በምትባል አንዲት ክፍል ውስጥ ይሠራሉ፣ ይበላሉ፣ ይተኛሉ። ሲመሽ በዓሣ ዘይት የሚነድ ኩራዝ ይበራና «ክቮልድቫካ» ይጀመራል፤ የምሽት ትጋህ እንደ ማለት ነው። ወንዱም ሴቱም ሱፍ ያባዝታል፣ ይፈትላል፤ አንዱ ደግሞ የጥንት ታሪክ ያነብላቸዋል ወይም ተረት ያወራላቸዋል። እናቶች በእሳት ዳር ጥጥ እየፈተሉ ሲተርቱ ላደመጠ አንባቢ ይህ ቤት እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ፣ እዚያ በሩን ከፍቶ መውጣት ራሱ ለሞት ሊያበቃ መቻሉ ነው።

ከበሩ ውጭ ማን አለ? በመጀመሪያ ግሪላ አለች። ስሟ በ13ኛው መቶ ዘመን ጽሑፎች ውስጥ ይገኛል፤ ከገና ጋር የተሳሰረችው ግን በ17ኛው መቶ ዘመን ገደማ ነው። ከተራራ ወርዳ ያጠፉ ሕፃናትን በከረጢቷ እየሰበሰበች የምትቀቅል ጭራቅ ናት። ልጆቿ የገና ጎረምሶች ይባላሉ። ቁጥራቸውም ስማቸውም እንደ አካባቢው ይለያይ ነበር፤ ዛሬ የሚታወቁት 13ቱ በሕዝቡ አፍ የጸኑት ዮሐንስ ኡር ኮትሉም የተባለ ገጣሚ በ1932 ባሳተመው የልጆች የግጥም መጽሐፍ ምክንያት ነው።

የስማቸው ትርጉም ልብ ይነካል። አንዱ ማንኪያ ላሽ ነው። አንዱ ድስት ፈቅፋቂ፣ አንዱ ሳሕን ላሽ፣ አንዱ የቋሊማ ሌባ፣ አንዱ በመስኮት አጮልቆ የሚያይ፣ አንዱ በበር ሥር የሚያሸት ነው። የመጨረሻው የሻማ ሌባ ይባላል፤ ሻማ በዚያ ዘመን ከሞራ ይሠራ ስለነበር ብርሃንም ምግብም ነበርና። እነዚህን ስሞች በተራ ብትደረድሯቸው የአጋንንት ስም አይመስሉም። የተራበ ሰው በሰው ደጅ ቆሞ የሚያየውንና የሚሸተውን የሚዘረዝሩ ናቸው። ረሃብ ለደሴቲቱ እንግዳ አልነበረም፤ በ1783 የላኪ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ግጦሹን በመርዝ ከበከለና ከብቱን ከጨረሰ በኋላ በተከተለው ረሃብ፣ ከሕዝቧ ከአምስት አንዱ ያህል አልቋል። አገሪቱን ያስተዳድር የነበረው የዴንማርክ መንግሥት በ1746 ልጆችን በእነዚህ ፍጡራን ማስፈራራትን የሚከለክል ደንብ አውጥቶ ነበር። ደንቡ አለፈ፤ ጎረምሶቹ ግን ዛሬም አሉ።

በዚያው ተራራ የምትኖር ግዙፍ ድመትም አለች። የምትበላው ለገና አዲስ ልብስ ያላገኘውን ሰው ነው። የበጋው ሱፍ ከገና በፊት ተፈትሎና ተሠርቶ እንዲያልቅ፣ የተጋ አገልጋይም አዲስ ልብስ እንዲያገኝ የሚጠበቅ ስለነበር ተረቱ ሰነፍን ለማትጋት የተነገረ ነው የሚሉ አሉ። ይሁን እንጂ እኔ ሳነበው የሚታየኝ ሰነፉ ሳይሆን ወላጁ አጥቶበት አሮጌ የለበሰው ልጅ ነው። የባንክ ሠራተኛ ነኝና በዓውድ ዓመት ዋዜማ በመስኮቴ ፊት የሚሰለፈውን ሰው አውቀዋለሁ፤ በደብተሩ ላይ የቀረችውን ጥቂት ብር አውጥቶ፣ የዶሮውን ዋጋ ከልጁ ጫማ ጋር በልቡ እያመዛዘነ የሚሄደውን። በበዓል ጠዋት አሮጌ የለበሰ ልጅ ከእኩዮቹ መሀል እንዴት ሹልክ ብሎ እንደሚወጣ ያየ ሰው፣ ድመቷ ምን እንደሆነች አይጠፋውም።

እስካሁን ያየናቸው ከተራራ የሚመጡ ናቸው። ከሁሉ የከፉት ግን ከሰው መካከል የወጡት ናቸው። በ14ኛው መቶ ዘመን እንደተጻፈ የሚታመነው የግሬቲር ታሪክ፣ በሰሜን አይስላንድ ጥላማ በሆነ ሸለቆ ውስጥ ስለሚገኝ አንድ እርሻ ይተርካል። ባለቤቱ ቶርሃሉር ቦታው መንፈስ ያደረበት ስለሆነ እረኛ ያጣል። በመጨረሻ ግላሙር የተባለ፣ ከስዊድን የመጣ፣ ዓይነ ግራጫና ጠጉሩ እንደ ተኩላ የሸበተ ጉልበተኛ ይቀጥራል። ግላሙር ቤተ ክርስቲያን አይስምም፤ ሰውም አይወደውም። በገና ዋዜማ ማለዳ ምግብ ሲጠይቅ የቤቱ እመቤት፣ ነገ በዓል ስለሆነ ክርስቲያኖች ዛሬ እንደሚጾሙ ትነግረዋለች። ገሃድን የሚያውቅ የእኛ አገር አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም! ግላሙር ግን አስገድዷት በልቶ ወደ በረዶው ይወጣል፤ በሕይወት አይመለስም።

ሬሳው ጠቁሮና እንደ በሬ አብጦ ተገኘ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊያደርሱት ቢሞክሩ ከብት እንኳ ሊጎትተው አልቻለም፤ ቄሱ ሲመጣ ደግሞ ተሰወረባቸው። ስለዚህ እዚያው በወደቀበት ስፍራ በድንጋይ ክምር ሥር ተቀበረ። ከዚያ ወዲያ ሌሊት እየተነሣ ጣሪያ ላይ ይጋልብ ጀመር። የአገሩ ኃያል ግሬቲር መጥቶ ታገለው፤ የቤቱን ምሰሶ እየሰባበሩ ወደ ደጅ ወጥተው ወደቁ። በዚያች ቅጽበት ጨረቃ ከደመና ወጣች፤ ግሬቲርም የሙቱን ዓይን አየ። ግላሙር ከመሞቱ በፊት ረገመው፤ እነዚህ ዓይኖች ሁልጊዜ በፊትህ ይሁኑ፣ ብቻህን መሆንም ይክበድህ አለው። ግሬቲር አሸነፈ፤ ነገር ግን ያ ማንንም የማይፈራ ሰው ከዚያ ወዲያ በጨለማ ብቻውን ማደር ተሳነው። ሸፍቶ በዱር ሲንከራተት ኖረ፤ በመጨረሻም ሊለየው ካልፈቀደው ወንድሙ ጋር ባሕር በከበባት ገደላማ ደሴት ላይ ተገደለ። ከማኅበር ውጭ የቀረው ሙት፣ ብቸኝነቱን ለገዳዩ አወረሰው።

ሁለተኛው ታሪክ የፍቅር ነው። ሚርካ በተባለች የሰሜን አይስላንድ ደብር የሚያገለግል አንድ ዲያቆን ከወንዝ ማዶ የምትኖር ጉድሩን የተባለች ወዳጅ ነበረችው። ገና ሲቃረብ ፋክሲ በተባለ ፈረሱ ሄዶ፣ በዋዜማው ማታ መጥቼ ለበዓል እወስድሻለሁ ብሎ ቀጠራት። ሲመለስ በወንዙ ላይ የረጋው በረዶ ተሰበረና ሰጠመ። ወገኖቹ ሬሳውን አግኝተው በሚርካ ቀበሩት፤ ነገር ግን ወንዙ ሞልቶ ስለነበር መርዶው ማዶ አልደረሰም። በዋዜማው ማታ በሩ ተንኳኳ። ጉድሩን ካፖርቷን አንዱን እጅጌ ብቻ አጥልቃ ወጣች። በጨረቃ ሲጋልቡ ባርኔጣው ከኋላ ከፍ ሲል ገላጣው የራስ ቅሉ ታያት። ስሟን ሲጠራም «ጋሩን» ይላት ነበር፤ በቋንቋቸው «ጉድ» ማለት እግዚአብሔር ነውና ሙት ያን ቃል ሊያወጣ አይችልም። «በስመ አብ» ሲባል ርኩስ መንፈስ ይሸሻል ብሎ ላደገ ሰው ይህ ማስረጃ አያሻውም። ከደብሩ ሲደርሱ መቃብሩ አፉን ከፍቶ ጠበቃቸው። ሊስባት ሲል የደወሉን ገመድ ያዘች፤ ደወሉ ጮኸ፤ በአንድ እጅጌዋ የተንጠለጠለው ካፖርት እጁ ላይ ቀረ፤ እርሱም ብቻውን ገባ። ጉድሩን ተረፈች፤ እንደ ቀድሞዋ ግን አልሆነችም ይላል ተረቱ።

ዲያቆኑ ክፉ ሰው አልነበረም። ጥፋቱ ቀጠሮ መጠበቁ ነው። ስለዚህ ይመስለኛል ይህ ታሪክ ከጭራቆቹ ሁሉ ይልቅ ሌሊት የሚመለስብኝ።

እነዚህን የመሰሉ ትረካዎች ከአፍ ወደ ወረቀት የተሻገሩት የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ በነበረው በዮን አርናሶን ትጋት ነው። የጀርመኖቹን የግሪም ወንድማማቾች ሥራ አርአያ አድርጎ የአገሩን ሰው ተረት ሲያሰባስብ ኖሮ፣ በ1862 እና በ1864 በሁለት ቅጽ በላይፕሲግ ከተማ ታተመለት። የደወዝ ሥራውን እየሠራ በትርፍ ጊዜው የሕዝቡን ትዝታ ያተረፈ ሰው ነውና፣ እንደ እኔ ላለ ሰው ከብዙ ደራሲዎች ይልቅ ይቀርበኛል።

ዛሬ አይስላንድ ባለጸጋ አገር ናት። ከዲሴምበር 12 ጀምሮ ለ13 ሌሊት ልጆች ጫማቸውን መስኮት ላይ ያስቀምጣሉ፤ ጎረምሶቹም በየተራ እየመጡ ለጨዋው ትንሽ ስጦታ፣ ለባለጌው ድንች ይተውለታል። ይሰርቁ የነበሩት ሰጪ ሆኑ። ለበዓል መጽሐፍ መሰጣጣትም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ ከውጭ የሚገባ ሸቀጥ ሲገደብ ወረቀት በአንጻሩ በመገኘቱ የጸና ልማድ ሆኗል። ጎረምሶቹ እንደ አመጣጣቸው አንድ በአንድ ይመለሳሉ፤ የሻማው ሌባ የሚሰናበተው ጃንዋሪ 6 ቀን ነው። ያ ቀን በአብዛኛው ዓመት ለእኛ የገና ዋዜማ ነው።

እንግዲህ እርሱ ከዚያ ሲወጣ እኛ ዘንድ ጾሙ ሊፈታ፣ ቄጠማው ሊጎዘጎዝ፣ በሩም ሊዘጋ ነው። የአይስላንድ ተረት ነጋሪዎች በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሱፍ እየፈተሉ የደጁን ሰው በሌሊቱ ሁሉ ሲያስቡት አደሩ። ፍርሃት ብለው ሰየሙት እንጂ አልረሱትም።