ገበር ያልለበሰው

ስሙኝማ። ነገሩ የሆነው አሜሪካ ውስጥ፣ ከቺካጎ ወጣ ብላ በምትገኝ ማውንት ፕሮስፔክት በምትባል ከተማ ነው። ዘመኑ በፈረንጆቹ አቆጣጠር 2019፤ ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታትም ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው። አንዲት የ99 ዓመት አዛውንት አረፉ። በዚያ አገር ልማድ ሰው ሲሞት የቤቱ ዕቃ ብዙ ጊዜ እዚያው ቤቱ ውስጥ ለሽያጭ ይቀርባል። በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል፣ አላፊ አግዳሚው ይገባል፣ ድስቱንም ወንበሩንም እያነሣ ዋጋ ይጠይቃል። ከገቡት መካከል ሻነን ዳውኒ የምትባል በጥልፍ ሥራዋ የታወቀች ሴት ነበረች። ይህች ሴት አንድ ልማድ አላት። እንዲህ ባለ ሽያጭ ላይ ሞት ያቋረጠው የእጅ ሥራ ካገኘች ትገዛውና ቤቷ ወስዳ ትጨርሰዋለች። ሥራውን በጅምር ትቶ የሄደ ሰው ነፍሱ አታርፍም ብላ ታምናለች።

ያን ዕለት መጀመሪያ ያየችው በጥልፍ የተሠራ የአሜሪካ ካርታ ነበር፤ ያለቀለት፣ በክፈፍ የገባ። ያን ይዛ ልትወጣ ስትል ሌላ ሣጥን አገኘች። ከፈተችው። ውስጡ ተቆርጦ የተዘጋጀ ጨርቅ፣ ንድፍና ክር ሞልቶታል። አዛውንቷ ካርታውን ከጨረሱ በኋላ 50ዎቹን ግዛቶች ለየብቻ ጠልፈው፣ በከዋክብት አጅበው፣ አንድ ትልቅ ኩዊልት ሊያደርጉት አስበው ኖሯል። በመርፌ የተነካው ከብዙው ጥቂቱ ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩን ላቁመውና ኩዊልትን ላላያችሁት ልንገራችሁ። ኩዊልት ሦስት ድርብ ያለው ብርድ ልብስ ነው። ላይኛው ፊቱ ነው፤ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየተገጣጠመ የሚሰፋው፣ ቀለሙና ውበቱ ያለው እሱ ላይ ነው። መሐሉ የተባዘተ ጥጥ ይገባበታል። ከሥር ገበር አለ። ሦስቱ ተደራርበው ከዳር እስከ ዳር በደቃቅ ስፌት ይያያዛሉ፣ በመጨረሻም ጠርዙ ይቀመቀማል። እንግዲህ ልብ በሉልኝ። በየሣጥኑ ታጥፎ ደጋግሞ የሚገኘው ፊቱ ያለቀ፣ ግን ጥጥ ያልገባበትና ገበር ያልለበሰ ነው። ሰፊዋ አስቸጋሪ የሚመስለውን ግጥምጥም ተወጥታው ከዚያ በኋላ ያለው ላይ ቆማለች።

ይህን ስንፍና የሚሉ አሉ፤ እኔ አልልም። ፊቱን መገጣጠም የአንድ ሰው ሥራ ነው። ጭን ላይ ይያዛል፣ ልጅ እስኪነቃ፣ ወጥ እስኪበስል ድረስ ይሰፋል፣ ሲጠሩም ይቀመጣል። ድርቡን መስፋት ግን ቦታ ይፈልጋል፣ እጅም ይፈልጋል። በድሮው ጊዜ አራት እንጨት ገጥመው መወጠሪያ ይሠራሉ፤ ከአልጋ የሚሰፋ ነው። ቤቱ ጠባብ ከሆነ መወጠሪያውን በገመድ ከጣሪያው ያንጠለጥሉታል። ሲሠራ ይወርዳል፣ ሲመሽ ወደ ላይ ይሳባል፣ ቤተሰቡም ከሥሩ ይተኛል። ሴቶቹ በአራቱም ጎን ዙሪያውን ይቀመጣሉ፣ ከዳር ወደ መሐል እየሰፉ ያለቀውን እየጠቀለሉ ይሄዳሉ።

በአላባማ ግዛት ወንዙ በዞረበት እጥፋት ውስጥ ጂስ ቤንድ የሚባል መንደር አለ። ነዋሪዎቹ እዚያው በነበረ የጥጥ እርሻ ላይ በባርነት የኖሩ ሰዎች የልጅ ልጆች ናቸው። የዚያ መንደር ሴቶች ከአሮጌ የሥራ ሱሪና ከዱቄት ከረጢት የሠሯቸው ኩዊልቶች በ2002 ሂዩስተን፣ ቀጥሎም ኒውዮርክ ሙዚየም ውስጥ ተሰቅለው ዓለምን አስደንቀዋል። እነዚህ ሴቶች ፊቱን እያንዳንዷ በየቤቷ፣ በራሷ ሐሳብ ትገጣጥማለች፤ ማንም እንዲህ አድርጊው አይላትም። መወጠሪያው ሲዘረጋ ግን ጎረቤት ይጠራል፣ መዝሙር እየተዘመረ ይሰፋል። እኛ ደቦ የምንለው ነው፤ ዛሬ ያንቺን፣ ነገ የእኔን። በብዙ ቦታ ጎረቤቱ ወደ ከተማ ሄደ፣ የፋብሪካ ብርድ ልብስም ረከሰ። ደቦው ሲበተን ፊቱ ሣጥን ውስጥ ቀረ። የተከማቸ ጅምር ሳይ እኔ መጀመሪያ የሚታየኝ በዙሪያው መቀመጥ የነበረባቸው ሰዎች አለመኖር ነው።

ወደ ዳውኒ ልመልሳችሁ። ሣጥኑን ይዛ ቤቷ ገባች፤ ይህኛው ብቻዋን የምትወጣው አይደለም። ስለዚህ ኢንስታግራም ላይ የሆነውን ጻፈችና የሚያግዘኝ አለ ወይ አለች። ከሺህ የሚበልጡ ሰዎች እኔ አለሁ አሉ። ከእነሱ 100 ያህሉን መርጣ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቁራጭ ላከች፤ አንዱ ግዛት ለአንዱ፣ ኮከቡ ለሌላው። ተጠልፎ በፖስታ ተመለሰ። ከዚያ በቺካጎ አካባቢ ያሉ ኩዊልት ሰፊዎች ተሰብስበው ገጣጠሙት፣ ደረቡት፣ ጠርዙን ቀመቀሙት። ሥራው በአዛውንቷ ስም የሪታ ኩዊልት ተባለ፤ ኬንታኪ ግዛት ፓዱካ ከተማ በሚገኘው ብሔራዊ የኩዊልት ሙዚየምም ለሕዝብ ቀረበ። አንዳቸውም ሴትየዋን አያውቋቸውም ነበር።

ታዲያ ጅምር ሁሉ ይጨረስ እያልኩ አይደለም። ሌላም ላጫውታችሁ። በ1830ዎቹ በደቡቡ ቻርለስተን ከተማ ሱዛን ክራውች የምትባል የሐኪም ሚስት ኩዊልት ጀመረች። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ወረቀት በስድስት ማዕዘን ይቆረጣል፣ ጨርቁ በወረቀቱ ላይ ታጥፎ በክር ይያዛል፣ ከዚያ አንዱ ከአንዱ ይሰፋል። ገበር ከመግባቱ በፊት ወረቀቱ ተለቅሞ ይጣላል። ወረቀት ውድ ስለነበረ የሚቆረጠው አሮጌ ደብዳቤና የሒሳብ መዝገብ ነው። ባሏ በወጣትነቱ ሞተ፣ ኩዊልቱም ሳያልቅ ቀረ፣ ወረቀቱ ከነጽሑፉ ከጨርቁ ጀርባ ተሰፍቶ እንዳለ። ሥራው ዛሬ ሮድ አይላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሬቸል ሜይ የምትባል ደራሲ ገልብጣ አነበበችው፤ በቁርጥራጮቹ ላይ የስኳር፣ የበርሜል፣ የካሪቢያን ደሴቶች ንግድ ይነበባል። ከዚያ ተነሥታ የቤተሰቡን ደብዳቤዎች ተከተለችና በዚያ ቤት በባርነት ይኖሩ የነበሩትን ሰዎች ታሪክ ፈልጋ በ2018 መጽሐፍ አወጣች። ኩዊልቱ ቢያልቅ ኖሮ ያ ወረቀት ሁሉ ምድጃ ይገባ ነበር። ስለዚህ ሣጥን ስትከፍቱ መቀስ ከማንሣታችሁ በፊት ጀርባውን እዩ። እንዲህ ያለው እንዳለ መቀመጥ አለበት፤ ይህን ስል ከልቤ ነው።

አሁን የሌላን ሰው ጅምር የመጨረሱ ነገር መልክ ይዟል። በ2022 ጄኒፈር ሲሞኒክና ሜሲ ካፕላን የተባሉ ሁለት ጓደኛሞች ሉስ ኤንድስ የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። ሰው ሞቶ ወይም ታሞ የእጅ ሥራው በጅምር ከቀረ ቤተሰቡ ይጽፍላቸዋል፤ እነሱም ሙያውን የሚያውቅ በጎ ፈቃደኛ ያገናኛሉ። ጨራሹ ለእጁ ዋጋ አይጠይቅም፣ ያለቀውም ለቤተሰቡ ይመለሳል። ኩዊልት ብቻ አይደለም፤ ሹራቡም ዳንቴሉም ይሠራል።

ዳንቴል ስል በዋሽንግተንም በስቶክሆልምም ያላችሁትን አሰብኩ። እናታችሁ ለሶፋው ብላ የጀመረችው፣ ኪሮሹ እንደተሰካበት በፌስታል የተቀመጠ አለ አይደል? ለማንም ብትሰጡት ኪሮሹን አትንቀሉት፤ አንዷ ቀለበት ካመለጠች ሥራው ይተረተራል። የተረፈ ክር ካለ አብሩት። ጨራሹ የእናታችሁን የእጅ ልክ የሚያገኘው በኪሮሹ ውፍረትና በዚያ ክር ነው።