ቁልፍ ሳይሰብር የገባ እንግዳ

ምስጢር ከሁለት ሰው ካለፈ ምስጢር አይደለም ይባላል። ታዲያ አርባ ሰው የተጋበዘበት የስልክ ስብሰባስ?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካና እንግሊዝ የሚነጋገሩበትን የሬዲዮ ስልክ ጀርመኖች ኔዘርላንድስ ካለ ጣቢያቸው ሆነው ይጠልፉት ነበር። መፍትሔ ሆኖ የመጣው ሲግሳሊ የተባለ፣ 50 ቶን ገደማ የሚመዝን ማሽን ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1943 ሥራ ጀመረ። ንግግሩ የሚሸፈነው በሸክላ በተቀረጸ ጫጫታ ሲሆን፣ ሸክላው አንዴ ካገለገለ ይወድማል። ጀርመኖች አልፈቱትም።

ዛሬ ጠንካራ ምስጠራ በኪሳችን ይዘን እንዞራለን። ስብሰባዎቻችን ግን አሁንም ይሰማሉ። ለምን? ታሪኩን እንየው።

በጃንዋሪ 2012 ኤፍቢአይና የለንደን ፖሊስ አኖኒመስ ስለተባሉት ሰርጎ ገቦች በስልክ ተሰበሰቡ። ስልክ ቁጥሩንና የይለፍ ቃሉን የያዘው ኢሜይል በተለያዩ አገሮች ለሚገኙ ከ40 በላይ መኮንኖች ተልኮ ነበር። አንድ የአየርላንድ ፖሊስ የሥራ ኢሜይሉን ወደ ግል አድራሻው ያስተላልፍ ኖሯል፤ የግል አድራሻው ደግሞ ተጠልፏል። ሰርጎ ገቡ ቁጥሩን ደወለ፣ ዝም ብሎ አዳመጠ፣ ቀዳ። መርማሪዎቹ ስለሚያድኗቸው ሰዎች ሲያወሩ ታዳኙ አብሯቸው መስመር ላይ ነበር! በፌብሩዋሪ ቅጂው ለዓለም ተለቀቀ።

በኖቬምበር 2020 ደግሞ የኔዘርላንድስ መከላከያ ሚኒስትር ከቤት ሲሠሩ የሚያሳይ ፎቶ ትዊተር ላይ ወጣ። ፎቶው ላይ ከስድስቱ የመግቢያ አሃዞች አምስቱ ይነበባሉ። አንድ ጋዜጠኛ ስድስተኛውን ሞክሮ የአውሮፓ ኅብረት መከላከያ ሚኒስትሮች ስብሰባ ውስጥ ገባና እጁን አውለበለበ።

በ2024 የጀርመን አየር ኃይል መኮንኖች ስለ ታውረስ ሚሳይል ሲወያዩ የተቀዳው ድምፅ በሩሲያ ሚዲያ ወጣ። የመከላከያ ሚኒስትሩ እንዳሉት፣ አንዱ ተሳታፊ ከሲንጋፖር የገባው ጥበቃ በሌለው መስመር ነበር።

ወዳጆች፣ በሦስቱም የምስጠራውን ሒሳብ የፈታ የለም። በሩ ክፍት ነበር። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚደረግ ምስጠራ መሐል ላይ ከሚጠልፍ ይጋርዳል እንጂ በግብዣ ሊንክ ከገባ አይጋርድም።

ይህ የጄኔራሎች ጣጣ ብቻ አይደለም። አንዷ ጅዳ፣ አንዱ ዋሽንግተን፣ እናት አዲስ አበባ ሆነው ስለ ገንዘብና ስለ መኖሪያ ፈቃድ የሚመክር ቤተሰብም የሚደበቅ ነገር አለው። ስለዚህ ሊንኩን ሰው በበዛበት ግሩፕ አትልቀቁት፣ ለየስብሰባው አዲስ ኮድ አውጡ፣ ወሬ ከመጀመራችሁ በፊት መስመር ላይ ያለውን ሰው አንድ በአንድ ቁጠሩ። ስሙን የማይናገር ካለ አስወጡት፤ ይሉኝታ አይያዛችሁ።