በኦፕራሲዮን መውለድ፦ በአገራችን ምን ያህል ነው? የሚወስኑትስ ነገሮች ምንድን ናቸው?

ሕፃኑ የእናቱ ሆድና ማህፀን በቀዶ ጥገና ተከፍቶ ሲወለድ «በኦፕራሲዮን ወለደች» እንላለን። አንዳንዱ ቤተሰብ ነገሩን ለገንዘብ ተብሎ የሚደረግ አድርጎ ይጠረጥረዋል፤ ሌላው ደግሞ ከምጥ ማምለጫ ቀላል መንገድ አድርጎ ያየዋል። ሁለቱም አስተሳሰቦች እናትን ሊጎዱ ይችላሉ።

ቁጥሩ ምን ይላል?

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከጥናቱ በፊት በነበሩት 5 ዓመታት በአገር አቀፍ ደረጃ በኦፕራሲዮን የተወለዱት 2 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። በአዲስ አበባ ግን 21 በመቶ ገደማ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መግለጫ በዓለም ደረጃ 21 በመቶ፣ ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች ደግሞ 5 በመቶ ገደማ መሆኑን ገልጿል።

ይኸው ድርጅት በ2015 እንዳስታወቀው፣ በአንድ ሕዝብ ውስጥ ቁጥሩ እስከ 10 በመቶ ሲያድግ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት ሞት ይቀንሳል፤ ከዚያ በላይ መጨመሩ ግን ሞትን እንደሚቀንስ አልታየም። ዋናው ነገር የተወሰነ ቁጥር ላይ መድረስ ሳይሆን ለሚያስፈልጋት እናት ሁሉ በጊዜው መድረስ ነው።

ስለዚህ የአገር አቀፉ 2 በመቶ የጤንነት ምልክት አይደለም። በዚያው ጥናት በጤና ተቋም የተወለዱት ሕፃናት 26 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ምጥ ጠንቶባት ሐኪም ያላገኘች እናት ለሞት ወይም ለፊስቱላ ትጋለጣለች።

ምን ምን ይወስነዋል?

• የጤና ምክንያት፦ የሕፃኑ በጎን ወይም በመቀመጫ መምጣት፣ የልብ ምቱ መዛባት፣ የእንግዴ ልጅ የማህፀንን በር መዝጋት፣ የምጥ አለመግፋት።
• የቀድሞ ኦፕራሲዮን፦ አንዴ በኦፕራሲዮን የወለደች ብዙ ጊዜ በድጋሚ እንዲሁ ትወልዳለች። ሆኖም የቀድሞው ቁስል ዓይነት ከፈቀደ፣ ድንገት ኦፕራሲዮን ማድረግ በሚችል ሆስፒታል በምጥ መውለድ የሚቻልበት ሁኔታ አለ።
• ተቋሙ፦ በግል ተቋማት ቁጥሩ በአብዛኛው ከመንግሥት ተቋማት ከፍ ይላል።
• ባለሙያ መኖሩ፦ መንግሥት ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከትልልቅ ከተሞች ውጭ ድንገተኛ ቀዶ ጥገና የሚሠሩ ባለሙያዎችን በማስተርስ ደረጃ ማሠልጠን ጀምሯል።
• ፍርሃት፦ ምጥን በመፍራት በራሳቸው ጥያቄ የሚመርጡም አሉ።

ለአቃቂ ቃሊቲ እናቶች

ጤና ጣቢያዎች በአብዛኛው ኦፕራሲዮን ስለማይሠሩ፣ ችግር ሲያጋጥም እናቲቱን ሪፈር ይጽፉላታል። በክፍለ ከተማው የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ይገኛል። ቤተሰቡ ምጥ ከመምጣቱ በፊት የት እንደሚሄድ፣ በምን መኪና እንደሚሄድና ማን አብሮ እንደሚሆን ይወስን።

ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ሲል «ምክንያቱ ምንድን ነው? መጠበቅ ይቻላል? ለቀጣይ እርግዝና ምን ያስከትላል?» ብሎ መጠየቅ መብት ነው። ኦፕራሲዮን የደም መፍሰስና የኢንፌክሽን አደጋ አለው፤ በተደጋገመ ቁጥር ደግሞ እንግዴ ልጁ በቀድሞው ጠባሳ ላይ የመጣበቅ ዕድሉ ይጨምራል። ብዙ ልጅ ለሚፈልግ ቤተሰብ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ሁኔታው አስቸኳይ ከሆነ ግን ሽማግሌ እስኪሰበሰብ ወይም ባል ከሥራ እስኪመጣ መጠበቅ ሕይወት ያስከፍላል።

ኒፋስና ሶላት

በኦፕራሲዮን የወለደች እናት ከማህፀኗ በተለመደው መንገድ ደም ከፈሰሳት የኒፋስ ድንጋጌ ይመለከታታል። ረጅሙ ጊዜ በሐነፊና በሐንበሊ መዝሀብ 40፣ በሻፊዒ 60 ቀን ነው፤ ደሙ ቀድሞ ከቆመ ታጥባ ትሰግዳለች። ውኃ ቁስሉን የሚጎዳ ከሆነ ሸሪዓው ማቅለያ ስላለው፣ የሐኪሙን ምክር ይዛ የምታምነውን ዓሊም ትጠይቅ።

በኦፕራሲዮን መውለድ የእናትነት ጉድለት አይደለም። አላህ እናቶቻችንን በሰላም ያገላግልልን።