ስለ ሙሉጌታ ሥራው ፊልም መሥራት

ኅዳር 4 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ ለእሑድ አጥቢያ ሌሊት፣ አሜሪካ ፖርትላንድ ከተማ ውስጥ ሙሉጌታ ሥራው የተባለ የ28 ዓመት ኢትዮጵያዊ ቤቱ ደጃፍ ላይ በቤዝቦል ዱላ ተቀጥቅጦ ተገደለ። ጓደኞቹ በመኪና ሸኝተውት ገና መውረዱ ነበር። ያጠቁት ሦስቱ ወጣቶች «ስኪንሄድ» የሚባሉ፣ ራሳቸውን የተላጩ የነጭ የበላይነት አቀንቃኞች ናቸው።

ይህን ታሪክ በዶክመንተሪ ለመሥራት ስነሳ የከበደኝ ምስል ነው። የገዳዮቹ ወገን ሞልቷል። ዱላውን የያዘው ኬን ሚስኪ ከግድያው በፊት የገስ ቫን ሳንት አጭር ፊልም ርዕሰ ጉዳይ ሆኗል። የዘረኛ ድርጅት መሪው ቶም ሜትዝገር በኬብል ቴሌቪዥን የራሱ ፕሮግራም ነበረው፤ ልጁ ጆን ደግሞ በዚያው ሰሞን በጄራልዶ ሪቬራ ሾው ላይ ወንበር እስከ መወራወር ከደረሰው ድብድብ ውስጥ ነበረበት። (የአዘጋጁም አፍንጫ እዚያው ተሰበረ።) የሙሉጌታ ግን ጥቂት ፎቶዎች ናቸው እጄ የገቡት።

የመጀመሪያውን ቅንብር መካነ ሰላም ወስጄ ለአክስቴ አሳየኋቸው። ዝም ብለው አይተው ሲያበቁ፣ «የተላጨውንስ አወቅነው፤ ልጁ የማን ነው? ማን አለቀሰለት?» አሉኝ። በእኛ በቦረና መርዶ የሚነገረው ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው፤ ለቅሶው ላይ የሟቹ ወገንና ምግባሩ ይነሳል፤ የገዳዩ ነገር ኋላ የሚወራ ነው። የፊልሙን ቅደም ተከተል የወሰነልኝ ይሄ ጥያቄ ነው።

ሙሉጌታ በደርግ ዘመን ለትምህርት የሄደ፣ አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ በሹፌርነት የሚሠራ፣ አገር ቤት ትንሽ ወንድ ልጅ ያለው ሰው ነበር። ቤተሰቡን ወክሎ ጠበቃው ሞሪስ ዲስ ሜትዝገሮችን ከሰሰ፤ ክርክሩም እጃቸው ባይመታ አነሳስተዋል የሚል ነው። በጥቅምት 1983 ዳኝነት የተቀመጡት ዜጎች 12.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱ። የሜትዝገር ቤት ቢሸጥም ከዚያ ሁሉ ገንዘብ የተገኘው ኢምንት ነው።

ነገሩን የመንገድ ጠብ ነው የሚሉ እስካሁን አሉ። እውነት ነው፣ ጭቅጭቁ የተነሳው መኪና መንገድ ዘጋ በሚል ነው። ሆኖም ሚስኪ ራሱ በዘሩ ምክንያት ሆን ብሎ እንደገደለው ችሎት ፊት አምኗል፤ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበትም እስር ቤት ሞተ። እኔ ይህን የእምነት ቃል አስገብቼ ክርክሩን አልፌዋለሁ።

ግድያው 30 ዓመት ሲሞላው የሰፈሩ ነዋሪዎች በመንገዱ ታቤላዎች አናት ላይ ስሙን በእንግሊዝኛና በአማርኛ አሰቀሉ። ፊልሙ አሁን የሚጀምረው በእነዚያ ፊደላት ነው። ከሚስኪ አጭር ፊልም የቀረው 12 ሰከንድ ብቻ ነው።