የኢሚግሬሽን ኦፊሰር ሲጠይቃችሁ፦ በአሜሪካ ያላችሁ መብትና ግዴታ

ኦፊሰር በር ሲያንኳኳ ወይም ኤርፖርት ላይ «ወደዚህ ና» ሲል ብዙ ሰው ደንግጦ ያልተጠየቀውን ሁሉ ይናገራል፤ አንዳንዱም ፈርቶ ያልሆነውን ይላል። ሁለቱም ቤተሰብን እስከ መለያየት ሊያደርሱ ይችላሉ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ዋና ዋና ጥበቃዎች አገር ውስጥ ላለ ሁሉ ናቸው፤ ዜጋም ይሁን ስደተኛ፣ ወረቀት ይኑረው አይኑረው።

ቤት ሲመጡ

በሩን ሳትከፍቱ ማንነታቸውን ጠይቁ። «ትእዛዝ ይዘናል» ካሉ በበሩ ሥር እንዲያስገቡት ወይም በመስኮት እንዲያሳዩ ጠይቁ። ዋናው ነገር ፈራሚው ነው። ዳኛ የፈረመበትና ትክክለኛ አድራሻችሁን የያዘ የፍርድ ቤት የፍተሻ ትእዛዝ ከሆነ መግባት ይችላሉ። አይ-200 እና አይ-205 የሚባሉትን ቅጾች የሚፈርመው ግን ዳኛ ሳይሆን የኢሚግሬሽን ኦፊሰር ነው። ፍርድ ቤቶች ለረጅም ጊዜ በያዙት አቋም እነዚህ ብቻቸውን ያለ ፈቃድ ቤት አያስገቡም። «ግቡ» ማለት ፈቃድ መስጠት ነው። በግድ ከገቡ አትታገሉ፤ «አልፈቀድኩም» በሉና የሆነውን መዝግቡ።

መንገድ ላይ ወይም ሥራ ቦታ

አስቀድማችሁ «መሄድ እችላለሁ?» በሉ። አዎ ካሉ በእርጋታ ሂዱ። የት እንደተወለዳችሁና እንዴት እንደገባችሁ ሲጠይቁ ዝም ማለት መብት ነው፤ አምስተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ይጠብቀዋል። አንዳንድ ስቴቶች ግን ፖሊስ ሲጠይቅ ስም መናገርን ያስገድዳሉ። ዜጋ ያልሆነና 18 ዓመት የሞላው ሰውም እንደ ግሪን ካርድ ያለ የምዝገባ ሰነዱን ይዞ የመንቀሳቀስ ግዴታ አለበት።

ዝምታና ውሸት አንድ አይደሉም። ሐሰተኛ ሰነድ አታሳዩ። ዜጋ ሳይሆኑ «ዜጋ ነኝ» ማለት ግሪን ካርድ የማግኘት ተስፋን ለዘለቄታው ሊዘጋ ይችላል።

ኤርፖርት ላይ

እዚህ የኦፊሰሮቹ ሥልጣን ይሰፋል፤ ሻንጣና ስልክ ያለ ዳኛ ትእዛዝ ይፈትሻሉ። ዜጋ ማንነቱንና ዜግነቱን ካረጋገጠ በኋላ ስለ ሃይማኖቱ ወይም ስለ መስጂዱ ባይመልስም መግባት አይከለከልም፤ ሊጉላላ ግን ይችላል። ቪዛ የያዘ ሰው ካልመለሰ ሊመለስ ይችላል። ግሪን ካርድ ያላችሁ አይ-407 የሚባለውን ቅጽ ሳትረዱ አትፈርሙ፤ መኖሪያ ፈቃድን በፈቃደኝነት የመተው ቅጽ ነው። ጉዳያችሁ በኢሚግሬሽን ዳኛ እንዲታይ ጠይቁ። በደኅንነት ፍተሻ ሂጃብ መታየት አለበት ከተባለ፣ ሴት ፈታሽና የተከለለ ክፍል መጠየቅ ይቻላል።

ከተያዛችሁ

ጠበቃ የማማከር መብት አላችሁ፤ በኢሚግሬሽን ጉዳይ ግን መንግሥት በአብዛኛው ጠበቃ አያቆምም፣ ክፍያው የራሳችሁ ነው። ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ፤ አስተርጓሚ ጠይቁ። ኤምባሲያችሁን ማነጋገርም ትችላላችሁ፤ ጥገኝነት የጠየቃችሁ ግን ቀድማችሁ ጠበቃ አማክሩ። ወደ አገራችሁ መመለስ የሚያስፈራችሁ ከሆነ ፍርሃታችሁን በግልጽ ተናገሩ። በዚህ ላይ ዝምታ ይጎዳል።

ከዛሬ ጀምሮ

የጠበቃ ስልክ ቁጥር በቃል ያዙ። በኤ የሚጀምረውን የኢሚግሬሽን ቁጥራችሁን ለምታምኑት ሰው ስጡ፤ ቤተሰብ የታሰረን ሰው ከሚፈልግባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ቁጥርና የትውልድ አገር ነው። ልጆችን ከትምህርት ቤት ማን እንደሚያመጣ ወስኑ። ይህ ጽሑፍ ጠቅላላ መረጃ ነው፤ ለራሳችሁ ጉዳይ ፈቃድ ያለው ጠበቃ አማክሩ።