የቴክሳስ የፍርድ ቤት ሕንፃዎችና አጠባበቃቸው

የተሰጠ ፍርድና የተጻፈ ውል ከዳኛውም ከተዋዋዮቹም ዕድሜ አልፎ እንዲኖር ጽኑ ቤት ያስፈልገዋል። ይህ ነገር በአሜሪካ፥ በቴክሳስ ግዛት፥ በእሳት ተፈትኖ ታውቋል።

ቴክሳስ ካውንቲ በሚባሉ 254 አውራጃዎች የተከፈለች ናት፤ እያንዳንዱም አውራጃ በዋና ከተማው የራሱ ፍርድ ቤት አለው። ከቀደሙት ብዙዎቹ የእንጨት ቤቶች ስለ ነበሩ ተቃጠሉ፤ የርስት ውልና የውርስ መዝገብም አብሮ ጠፋ። በ1881 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር) የግዛቱ ምክር ቤት አውራጃዎቹ ለሕንፃው ሥራ ገንዘብ እንዲበደሩ በሕግ ፈቀደ፤ ከዚያም ወዲህ በድንጋይ የሚታነጹት በዙ።

ከመሐንዲሶቹ አንዱ ስመ ጥሩው ጀምስ ራይሊ ጎርደን ነው። በ1897 በዋክሳሃቺ ከተማ የተፈጸመው የኤሊስ አውራጃ ፍርድ ቤት የርሱ ሥራ ነው። ግንቡ ቀይ የአሸዋ ድንጋይና ግራኒት፥ ቅስቶቹም ሮማኔስክ የተባለውን የጥንት አሠራር የተከተሉ ናቸው። ማማውም ለጌጥ ብቻ አልቆመም፤ የጋለው አየር በመካከለኛው ደረጃ በኩል ሽቅብ እየወጣ፥ ነፋሻው በበረንዳዎቹ እንዲገባ ታስቦ ነው።

ይህ ጥበብ በኋለኛው ዘመን ተናቀ። ጣራው ሲያፈስ ዝም ተባለ፤ ሰፊው የችሎት አዳራሽ በዝቅተኛ ኮርኒስ ታፈነ፤ አንዳንዱም ማማ ፈረሰ። በ1971 የወጣው ሕግ ሕንፃውን የሚለውጥ አውራጃ 6 ወር አስቀድሞ ለግዛቱ የታሪክ ኮሚሽን እንዲያስታውቅ አዘዘ፤ ነገር ግን ማስታወቅ ብቻ የሚያፈስ ጣራ አይደፍንም። ስለዚህ በ1999 ግዛቱ የእድሳት ገንዘብ መደበ፤ ተረጂው አውራጃም ድርሻውን እንዲያዋጣ ተደረገ። የኤሊስ ፍርድ ቤት በ2002 ታድሶ ተመረቀ፤ እስካሁንም ከ70 የሚበልጡ ሕንፃዎች ወደ ቀድሞ መልካቸው ተመልሰዋል።

አዲስ ቤት መሥራት ይቀላል የሚሉ አልጠፉም። ነገር ግን አሮጌው ቤት ክብሩን ብቻ ሳይሆን ነውሩንም ይመሰክራል፤ በዘር ልዩነት ዘመን በብዙ ችሎቶች ጥቁሮች ከነጮች ተለይተው በሰገነት ይቀመጡ ነበርና። ሰገነቱን የሚያፈርስ ምስክሩን ያጠፋል እንጂ በደሉን አይሽርም።

በ2021 የሜሰን አውራጃ ፍርድ ቤት በእሳት ጋየ፤ የድንጋይ ግድግዳው ግን ቆሞ ቀረ፤ በዚያም ግድግዳ ላይ ሕንፃው ዳግመኛ ታነጸ። የቀደሙት ሰዎች ተበድረው በድንጋይ ያነጹበት ምክንያት በዚህ ተገለጠ።