ዓሣ ቤቶቻችን ከየት መጡ?

አያቴ ዓሣ ሳትቀምስ ሞተች። ቤቷ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ነበር፤ ደጇ ላይ ቆማ ጣናን ታያለች። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ከታንኳ የወረደ አምባዛ መንገድ ላይ ካጋጠማት አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ታልፋለች። «ቅርፊት የሌለው ምኑ ይበላል?» ነበር ክርክሯ። ቅርፊት ያለውን ቀረሶ ስናመጣላት ደግሞ ሌላ ምክንያት አታጣም፤ ይሸታል፣ እሾሁ ልጅ ያንቃል።

እንግዶች «ባሕር ዳር እኮ ድሮም የዓሣ አገር ናት» ሲሉኝ እሷ ትዝ ትለኛለች። ሐይቁ ድሮም ዓሣ ነበረው። ዓሣ ቤት የምንለው፣ ዘይቱ የሚንጫጫበት፣ ሚጥሚጣና ሎሚ ቀርቦ በእጅ የሚበላበት የሰፈር ቤት ግን በየመንደሩ የበዛው በእኔ ዕድሜ ነው።

ጥንታዊው ነገር የነገደ ወይጦዎች ነው። ጉማሬ አዳኞችና ዓሣ አስጋሪዎች ነበሩ፤ ታንኳቸውን የሚሠሩት ከደንገል ነው። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል፣ በነዶ በነዶ ይታሰራል፣ ከዚያ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል። ውሃ እየጠጣ ሲከብድ ዳርቻ ላይ አውጥተው ፀሐይ ያስመቱታል። ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺስማን ጣናን ዞሮ በጻፈው መጽሐፍ እነዚህን ታንኳዎችና ባለቤቶቻቸውን ገልጿል። ጎረቤቱ ግን ጉማሬ ይበላሉ ብሎ ከእነሱ ጋር ማዕድ አይቆርስም ነበር። አያቴ ዓሣን የምትጸየፈው የሚያጠምዱትንም ስለምትጸየፍ ይመስለኛል። ነውር ነው፤ ግን እውነት ነው።

ከተማዋን የለወጣት ደመወዝ ነው። በ1953 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በሶቪየት እርዳታ የተሠራው ፖሊ ቴክኒክ ሲከፈቱ ሚስት ያላገባ፣ ደጅ የሚበላ ሰው በዛ። ሆቴሎቹ ለፈረንጅና ለሹም ዓሣ ያቀርቡ ነበር፤ ሠራተኛው ግን ሽሮና ጥብሱን ነበር የሚያዘው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በደርግ ዘመን ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. የግብርና ሚኒስቴር፣ ቤተ ክርስቲያንና ኡርክ ከምትባል የሆላንድ ዓሣ አስጋሪዎች ከተማ የመጣ በጎ አድራጎት ድርጅት ተባብረው ባለሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ጣና አስገቡ። ታንኳ ከዳርቻ ብዙም አይርቅም፤ ሞተሩ ግን መሐል ሐይቅ ገብቶ ይመለሳል። በ1987 እ.ኤ.አ. 39 ቶን የነበረው የዓመት ምርት በ1997 360 ቶን ደረሰ። ፊሌቶው በዓሣ ምርትና ገበያ ድርጅት በኩል አዲስ አበባ ሲጫን፣ ሙሉ ዓሣ በርካሽ ለሰፈር ሴቶች ተረፈ። ዓሣ ቤቶቻችን የተወለዱት ያኔ ነው።

የእኛ ሰፈሯ ባለ ዓሣ ቤት ጠላ ትሸጥ የነበረች ሴት ናት። ስሟን አልጽፍም፤ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ነው የሚላት። ቀረሶውን ቅርፊቱን ገፍፋ፣ ሆዱን አጽድታ፣ ሁለቱንም ጎን እስከ አጥንቱ በቢላዋ ጠበቅ ጠበቅ አድርጋ ትተለትለዋለች። ምስጢሩ እዚህ ጋ ነው፤ መተልተሉ ጠበቅ ካለ ደቃቁ እሾህ በዘይቱ ተጠብሶ ከሥጋው ጋር ይታኘካል፤ ከሳሳ ግን እሾህ ሲለቅሙ መዋል ነው። ጨው ነስነስ፣ ዱቄት ለወስ አድርጋ ትለቀዋለች። ዘይቱ መጀመሪያ ይጮኻል፣ ቆይቶ ዝም ይላል፤ ዝም ሲል ታወጣዋለች። ሰዓት አይታ አታውቅም።

በሁዳዴ መቀመጫ አይገኝም። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ዛሬም አልበረደም፤ እሷ «ለነፍስህ አንተ ታውቃለህ» ብላ ታቀርባለች። አምባዛውን በጉላሽ ነው የምትሠራው፤ ቅርፊት ስለሌለው ሙሉውን ካዩት የማይበሉ ደንበኞች አሏት።

የዓሣ ቤቶቻችን ግድግዳ ላይ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ሥዕል አይጠፋም። ቀዛፊው ግን ከተማው በሰፋ ቁጥር ከሐይቁ ዳር እየተገፋ ነው፤ ከሥዕሉ ሥር ተቀምጦ ሲበላ የማየው ከስንት አንዴ ነው።

ሌላም ያሳሰበኝ ነገር አለ። ነጭ ዓሣ የምንለው በጣና 15 ያህል ዝርያ አለው፤ አብዛኞቹ ከጣና በቀር የትም አይገኙም። በክረምት ሊራቡ ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ይወጣሉ፤ አስጋሪው ደግሞ የወንዙ አፍ ላይ መረቡን ዘርግቶ ይጠብቃቸዋል። አጥኚዎች ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ብቻ ነጭ ዓሣው በክብደት በ75 በመቶ መቀነሱን ለክተዋል። በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 ወጥቷል፤ ከሱዳን በኩል የሚገባውን ባለ ነጠላ ክር (ሞኖፊላመንት) መረብ ግን አላስቆመውም።

በነሐሴና በመስከረም ባሕር ዳር ከመጣችሁ፣ ከማዘዛችሁ በፊት ዓሣው ምን እንደሆነ ጠይቁ። ነጭ ዓሣ ከሆነ ሌላ እዘዙ፤ እሱ ለጥቅምት ይቆይላችሁ።